ቫታ፣ ፒታ፣ ካፋ እና የጂሙ ሚዛን፦ ስለ አንድ ሰውነት ነው የሚያወሩት?

ቆዳችሁ ደረቅ ነው ወይስ ወዛም? እንቅልፋችሁ በትንሽ ኮሽታ ይበተናል ወይስ ቤቱ ቢፈርስ አትሰሙም? ምሳ ሰዓት ሲያልፍ ትነጫነጫላችሁ? ስትናገሩ ትፈጥናላችሁ? ሰውነታችሁ ቀጭን ነው ወይስ ደንዳና?

አንድ ሰው ስልኩን ይዞ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን ይደረድርላችኋል። ሲጨርስ «አንተ ቫታ ነህ» ወይም «አንቺ ፒታና ካፋ ተቀላቅሎብሻል» ይላል። ስሞቹ አዩርቬዳ ከሚባለው የሕንድ ሕክምና የመጡ ናቸው። ሕንድ ውስጥ ይሄ ለጨዋታ ያህል የሚደረግ ነገር አይደለም። መንግሥት ከኖቬምበር 26 ቀን 2024 ጀምሮ ለአንድ ወር በጎ ፈቃደኞችን አሰማርቶ፣ በስልክ መተግበሪያ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን አስመርምሯል። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጂም ውስጥ ደግሞ ሌላ መርማሪ አለ። ጫማና ካልሲ ታወልቃላችሁ። ብረቱ ላይ ትቆማላችሁ። እጀታዎቹን ይዛችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ዝም ትላላችሁ። ከዚያ ወረቀት ይወጣል፦ ስብ ይሄን ያህል በመቶ፣ ጡንቻ ይሄን ያህል ኪሎ፣ ውሃ ይሄን ያህል ሊትር።

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ እነዚህን ሁለቱን የሚያጋባ በዝቷል። ካፋ ከሆንክ ስብህ ይበዛል፣ ቫታ ከሆንክ የፈለግከውን ብላ አትወፍርም፣ ይሄንንም ሳይንስ አረጋግጦታል ይባላል። ወሬው ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። የተወሰነ እውነት አለው። ግን ያ እውነት ከየት እንደመጣ ስታዩ ትንሽ ያስቃችኋል።

ዶሻ ማለት ምንድን ነው?

አዩርቬዳ የሕንድ ጥንታዊ ሕክምና ነው። ዋና ዋና መጻሕፍቱ በቻራካና በሱሽሩታ ስም የሚጠሩት ናቸው። ነገሩ የሙዚየም ዕቃ አልሆነም። ዛሬም ሕንድ ውስጥ አምስት ዓመት ተኩል የሚፈጅ ዲግሪ ይሰጥበታል። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ከሌሎች ባህላዊ ሕክምናዎች ጋር የሚጋራው የራሱ ሚኒስቴር አለው።

መነሻ ሐሳቡ ለእኛ ብዙም እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ማለትም ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውሃና ከመሬት ነው ይባላል። ስም ቆጥሮ «የእሱ ኮከብ እሳት ነው፣ የእሷ ውሃ ነው፣ አይገጥሙም» የሚልም ሞልቷል። አዩርቬዳ በእነዚህ ላይ ሕዋን ይጨምርና አምስት ያደርጋቸዋል። ከአምስቱ ሦስት «ዶሻ» ይወጣል። ሕዋና ነፋስ ቫታ ይሆናሉ። እሳትና ውሃ ፒታ፣ ውሃና መሬት ደግሞ ካፋ። (ከከፋ ዞን ጋር ዝምድና የለውም።)

ሥራቸውን ለመረዳት አንድ ምግብ ቤት አስቡ። ቫታ አስተናጋጁ ነው። ይንቀሳቀሳል፣ ያመላልሳል። ፒታ ምድጃው ነው። ያበስላል፣ ያሞቃል። ካፋ ግድግዳውና መጋዘኑ ነው። ይይዛል፣ ያከማቻል። ሦስቱም የሌሉበት ሰው የለም። ልዩነቱ የትኛው ያይላል የሚለው ላይ ነው።

ቫታ ያየለበት ሰው ቀጭን፣ ቆዳው ደረቅ፣ ብርድ የማይወድ፣ እንቅልፉ የሳሳ ነው ይባላል። ፒታ የበዛበት መካከለኛ ሰውነት አለው። ሙቀት ያስቸግረዋል፣ ሲርበው ትዕግሥት የለውም። ካፋ ደንዳና ነው። ረጋ ያለ፣ እንቅልፉ የከበደ፣ በቀላሉ የሚወፍር። አብዛኛው ሰው የሁለት ቅልቅል ነው።

አንድ ቃል ልጨምር፦ ፕራክሪቲ። ከፅንስ ጀምሮ የተሰጠ የሰው ተፈጥሯዊ ቅይጥ ማለት ነው። እንደ አዩርቬዳ ከሆነ ፕራክሪቲ ዕድሜ ልክ አይቀየርም። የሚቀየረው ቪክሪቲ የሚሉት የጊዜው ሁኔታ ነው። ይሄን ልዩነት ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

ሚዛኑስ የሚያየው ምኑን ነው?

በጣም የተለመደው መለኪያ ቢኤምአይ ነው። ኪሎን በሜትር በተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ማካፈል ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን፣ ቁመቱ 1.75 የሆነ ሰው 23 ገደማ ይመጣለታል። ከ25 በላይ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ30 በላይ ውፍረት ይባላል። ስሌቱን በ1832 ያወጣው አዶልፍ ኬትሌ የተባለ ቤልጂየማዊ የስታቲስቲክስ ሰው ነው። እሱ ስለ አማካይ ሰው እንጂ ስለ እናንተ ቦርጭ አላሰበም። ለጤና መመዘኛነት የታጨው ከ140 ዓመት በኋላ፣ በ1972 ነው።

ቢኤምአይ ኪሎው ከምን እንደመጣ አያውቅም። ጆንያው ስንት ኪሎ እንደሆነ ይነግራችኋል። ውስጡ ጤፍ ይሁን ገለባ አይነግራችሁም።

የጂሙ ሚዛን ጆንያውን ለማየት የሚሞክር ነው። ከእግር ወደ እጅ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይልካል። ጡንቻ ብዙ ውሃና ጨው ስላለው ፍሰቱን በቀላሉ ያሳልፈዋል። ስብ ውሃው ትንሽ ስለሆነ ይከለክለዋል። ማሽኑ የሚለካው ይሄን ክልከላ ብቻ ነው። ስቡን በዓይኑ አላየውም። ከቁመት፣ ከዕድሜና ከፆታ ጋር አቀናብሮ በቀመር ይገምታል። ስለዚህ ሳውና ገብታችሁ፣ ላባችሁ ተንጠፍጥፎ ብትቆሙበት ውሃችሁ ስለቀነሰ ስባችሁ የጨመረ ሊያስመስለው ይችላል። ወረቀቱ ላይ ከነጥብ በኋላ ቁጥር ስላለ ብቻ ትክክል አይሆንም።

ከዚህ የተሻለው ዴክሳ የሚባለው ነው። ሁለት ዓይነት ጉልበት ያለው ኤክስሬይ ተጠቅሞ አጥንትን፣ ስብንና ሌላውን ለያይቶ ያሳያል። ብዙ ሆስፒታል የሚጠቀምበት ግን የአጥንት መሳሳትን ለመመርመር ነው።

ሁለቱ ሐኪሞች

በ2004 መጀመሪያ ላይ «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ፎቶ ወጣ። ሁለት ጎልማሳ ሐኪሞች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ የሕንዷ ከተማ የፑኔው ቺታራንጃን ያጅኒክ ነው። ሌላው የለንደኑ ጆን ዩድኪን። የሁለቱም ቢኤምአይ 22.3 ነው። መንገድ ላይ ብታዩአቸው ሁለቱንም «ደህና ሰውነት» ትላላችሁ።

ዴክሳ ሲነሱ ግን የዩድኪን ስብ 9.1 በመቶ ሆነ። የያጅኒክ 21.2 በመቶ። ሁለቱም 70 ኪሎ ናቸው ብንል፣ አንዱ ስድስት ኪሎ ገደማ፣ ሌላው አሥራ አምስት ኪሎ ገደማ ስብ ተሸክሟል ማለት ነው። ጸሐፊዎቹ በራሳቸው ይቀልዳሉ። ዩድኪን ማራቶን ይሮጣል። የያጅኒክ ዋና ስፖርት ደግሞ ጠዋት ጠዋት የሆስፒታሉ ሊፍት በሩ ሳይዘጋበት መሮጥ ነው። ቁም ነገርም ጠቀስ አድርገዋል። ያጅኒክ ሲወለድ ክብደቱ ዝቅተኛ ነበር።

ይሄ የአንድ ሰው ገጠመኝ ብቻ አይደለም። ያጅኒክና ባልደረቦቹ ፑኔ አካባቢ በሚገኙ መንደሮች የሚወለዱ ሕፃናትን ከእንግሊዟ ሳውዝሃምፕተን ሕፃናት ጋር አነጻጽረው ነበር። የፑኔዎቹ በአማካይ 2.7 ኪሎ፣ የሳውዝሃምፕተኖቹ 3.5 ኪሎ ነበሩ። ትንሽ የተወለዱት ግን በሁሉም ነገር እኩል አላነሱም። ጡንቻቸው ሲያንስ ከቆዳቸው ሥር ያለው ስብ ብዙም አልቀነሰም። «ቀጭኑ ወፍራም ሕፃን» የሚባለው ነገር የመጣው ከዚህ ነው። ሕንድ ውስጥ የውፍረት መስመሩ ዝቅ ብሎ 23 እና 25 ላይ እንዲሰመር የተደረገውም በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው።

አሁን ስልክ የያዘው ሰው ያጅኒክን ቢያገኘው ምን ይለው ነበር? ቀጭን ቢያየው ወደ ቫታ ያደላ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ስቡን ግን አያየውም።

ታዲያ ካፋ የተባለ ሰው በእርግጥ ስቡ ይበዛል?

ፕራክሪቲን ከቢኤምአይ ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች በተደጋጋሚ ተመሳሳይ ነገር ያገኛሉ። ቫታዎች ዝቅ፣ ካፋዎች ከፍ ይላሉ። «ሳይንስ አረጋገጠ» የሚባለው ይሄንን ይዞ ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል። ካፋ የተባለው ሰው ካፋ የተባለው እንዴት ነበር? መጠይቁ ላይ «ሰውነትህ ደንዳና ነው? በቀላሉ ትወፍራለህ?» ተብሎ ተጠይቆ፣ «አዎ» ስላለ ነው። ከዚያ ሚዛን ላይ አወጡትና ወፍራም ሆኖ ተገኘ።

ወጦችን በመልካቸው ቀይና አልጫ ብላችሁ ለያችሁ እንበል። ከዚያ ላቦራቶሪ ወስዳችሁ «ቀይ ወጥ ላይ በርበሬ በብዛት ተገኘ» ብላችሁ ብታውጁ ማን ይገረማል? ውጤቱ ውሸት አይደለም። ግን አዲስ ነገር አልነገራችሁንም። ሰውየውን አንድ ጊዜ በዓይን፣ አንድ ጊዜ በሚዛን ለክታችሁታል። ሁለቱ ባይስማሙ ነበር ጉዱ።

ከዚህ ክብ መውጫ መንገድ አለ። አንዱ ስለ ሰውነት ቅርጽ የሚጠይቁትን ጥያቄዎች አውጥቶ፣ በእንቅልፍ፣ በቆዳ፣ በምግብ ፍላጎትና በጠባይ ብቻ ሰውን መመደብ ነው። ያኔም ካፋዎቹ ስባቸው ከበዛ እውነትም ወሬ አለ። ሌላው መጠይቁ ላይ ያልተጠየቀ ነገር መለካት ነው።

ይሄን ሁለተኛውን የሞከሩ አሉ። በ2008 ዴልሂ የሚገኝ የመንግሥት የጂኖም ምርምር ተቋም ፕራክሪቲያቸው ጽንፍ ላይ ያለ ጤነኛ ሰዎችን መርጦ ደማቸውን መረመረ። ካፋ የተባሉት ወንዶች ከቫታና ከፒታ ወንዶች ይልቅ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብና ኮሌስትሮላቸው ከፍ ብሎ፣ «ጥሩው» የሚባለው ኮሌስትሮል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ኮሌስትሮልን መጠይቅ አይጠይቅም፣ ስለዚህ ይሄ ከወጡ ምሳሌ ይሻላል። ግን ደግሞ ክብደት ራሱ እነዚህን ቁጥሮች ከፍ ያደርጋል። በርበሬው በጓሮ በር ተመልሶ ሊገባ ይችላል።

በ2015 የወጣው ሰፋ ይላል። ከ20 እስከ 30 ዓመት የሆናቸው 3,416 ጤነኛ ወንዶች ተመረመሩ። ሐኪሙም ኮምፒውተሩም በአንድ ዓይነት ዶሻ ላይ የተስማሙባቸው ተለዩና 262ቱ የዘረመል ምርመራ ተደረገላቸው። በሦስቱ ምድቦች መካከል ልዩነት የታየባቸው 52 የዘረመል ነጥቦች ተገኙ። አንዱ ሰውነት ስኳርን ለጉልበት ከሚጠቀምበት ሂደት ጋር የተያያዘ ጂን ላይ ነው፤ እሱም ከፒታ ጋር ገጠመ። ምድጃው ትዝ አላችሁ? ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው። ለዘረመል ጥናት 262 ሰው ግን በጣም ትንሽ ነው። ደግሞም ከ3,416 ሰው ውስጥ ጥርት ያለ አንድ ዓይነት ሆነው የተመረጡት ጥቂቶች መሆናቸው ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። እኔና እናንተ ቅልቅሎቹ ውስጥ ነው የምንወድቀው።

ሌላም ችግር አለ። አንድን ሰው ለየብቻ የመረመሩ የአዩርቬዳ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ አይስማሙም። አንዱ ቫታ ያለውን ሌላው ፒታ ይለዋል። ሜትሩ ራሱ የሚለጠጥ ከሆነ የለካነው ጨርቅ ስንት ክንድ እንደሆነ በምን እናውቃለን?

ጂም ውስጥ የሚባሉት ኤክቶ፣ ሜዞ እና ኤንዶስ?

ቀጭን፣ ጡንቻማና ወፍራም የሚለውን ይሄን ክፍፍል ያወጣው አሜሪካዊው ዊልያም ሼልደን ነው፤ በ1940። ብዙዎች ቫታን ኤክቶ፣ ፒታን ሜዞ፣ ካፋን ኤንዶ አድርገው ይተረጉሙታል። ሼልደን ቅርጽን ከጠባይ ጋር አስሮ ነበር። የጠባዩ ክፍል ተቀባይነት አጥቶ ቀረ። ቅርጹ ግን በ1967 ተሻሽሎ ዛሬም ስፖርት ላይ ይሠራበታል፤ አሥር ልኬቶችን ይፈልጋል። በዓይን አይቶ «አንተ ኤክቶ ነህ» የሚል አሠልጣኝ እንግዲህ ዘጠኝ ተኩሉን ዘሎታል።

ተሳስተን የጠየቅነው ዶሻን ቢሆንስ?

በእኔ አስተያየት ዶሻን ከስብ መቶኛ ጋር ማጋባት የተጣደፈ ጋብቻ ነው። ምክንያቱን ቀደም ብዬ ያዙልኝ ብያለሁ። ፕራክሪቲ አይቀየርም። ስብ ግን በስድስት ወር ይቀየራል። የማይቀየረውን ከሚቀየረው ጋር አስሮ ማስኬድ አስቸጋሪ ነው። ከፕራክሪቲ ጋር መነጻጸር ያለበት ነገር ካለ የአጥንት ውፍረት፣ የትከሻ ስፋት፣ የእግርና የግንድ ምጥጥን ይመስለኛል። እነዚህ ሰው ሲከሳም ሲወፍርም እዚያው ናቸው።

አዩርቬዳ ውስጥ ለሚዛኑ ወረቀት የሚቀርበው ሌላ ቃል አለ፦ ዳቱ። ሰባት ናቸው። መጀመሪያ ራሳ የሚሉት ከምግብ የሚወጣው ፈሳሽ፣ ከዚያ ደም፣ ሥጋ፣ ስብ፣ አጥንት፣ መቅኔ እና የዘር ፈሳሽ። እዩትማ! ሥጋ፣ ስብ፣ አጥንት። ዴክሳ የሚለያያቸው እነዚህኑ ነው። የቻራካ መጽሐፍ ሐኪሙ የየዳቱን ጥራት እንዲመረምር ያዝዛል። ልኬትም አለው። ሰውን በራሱ ጣት ስፋት ይለካዋል። ቁመቱ 84 ጣት፣ እጁን ዘርግቶ ከጫፍ ጫፍ ሲለካም ያው እንዲሆን ይጠብቃል። ጨርቅ በክንድ፣ ገመድ በስንዝር ለለካ አገር ሰው ይሄ አያስገርምም። የሚገርመው ሐሳቡ ነው። መለኪያው የሰውየው የራሱ ጣት ስለሆነ፣ ረጅሙም አጭሩም ከራሱ ጋር ነው የሚነጻጸረው። ይሄው መጽሐፍ ከመጠን በላይ ወፍራምና ከመጠን በላይ ከሲታ መሆንን ሁለቱንም ይነቅፋል። ከሁለቱ ግን ክሳት ይሻላል ይላል፤ ለማከም ይቀላልና።

ይሄ ለእኛ ምን ያደርግልናል?

ቫታ ለተባለ ሰው የሚሰጠው የተለመደ ምክር ሞቅ ያለ፣ ቅባት ያለው፣ ጣፋጭና ከበድ ያለ ምግብ እንዲበላ ነው። አሁን የያጅኒክን ዓይነት ሰው አስቡት። ከውጭ ቀጭን ነው፤ ሆዱ ውስጥ፣ ጉበቱ ዙሪያ ስብ ተደብቋል። «አንተማ ቀጭን ነህ፣ ቅቤውን ጨምር» ቢባል ስኳር በሽታን እየጠራ ነው። በ2023 በወጣ ሰፊ ጥናት ሕንድ ውስጥ 101 ሚሊዮን ሰው ስኳር በሽታ እንዳለበት ተገምቷል። የአንዳንዶቹን ቅጥነት አይታችሁ አትጠረጥሯቸውም።

ነገሩ የሕንዶች ብቻ አይደለም። ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ከሌሎች እስራኤላውያን ባነሰ ቢኤምአይ ስኳር በሽታ እንደሚይዛቸው አሳይተዋል። ከገጠር ወጥቶ ከተማ ወይም ውጭ አገር የገባ፣ «እኔ እንኳ አልወፍርም» የሚል ዘመድ ያለው ሁሉ ይሄን ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ቅርጽ በተቃራኒው ሲያሳስትም አይተናል። አገራችን ውስጥ የአርብቶ አደር ልጆች ከአርሶ አደር ልጆች ይልቅ እግራቸው ረዘም፣ ግንዳቸው አጠር ይላል። ክብደታቸው ከቁመታቸው ጋር ሲሰላ ከእውነታው በላይ የተራቡ ያስመስላቸዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ክንዳቸው ላይ የምትጠመጥመው ባለቀለም መለኪያ በዚህ ብዙም አይታለልም። 11.5 ሴንቲ ሜትር ካልሞላ ቀይ ላይ ይቆማል።

አንድ ሌላ ጥንቃቄ። በ2008 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በኢንተርኔት የሚሸጡ 193 የአዩርቬዳ መድኃኒቶችን መርምሮ፣ ከአምስቱ አንዱ ላይ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል። ባሕረ ሰላጤው አገር የምትኖሩ የአዩርቬዳ ክሊኒክ በየሰፈሩ ታያላችሁ። ዘይት ተቀብቶ መታሸት አንድ ነገር ነው፣ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ክኒን መዋጥ ሌላ።

ቤት ውስጥ ምን ልለካ?

የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከታችኛው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መሃል ያለውን ቦታ በጣታችሁ ፈልጉ። ሜትሩን ዙሪያውን እኩል አድርጋችሁ፣ ቆዳ ላይ ሳታጠብቁ አዙሩ። በዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን መስፈርት ለደቡብ እስያ ወንድ 90፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ ያለው ስጋት አለበት። ለአፍሪካውያን የራሳችን በቂ መረጃ እስኪሰበሰብ የአውሮፓውያኑን ነው የሰጡን፤ ወንድ 94፣ ሴት 80። የሚነበበው በተለመደው አተነፋፈስ አየር ሲወጣ ነው። ሆድ መሳብ የለም።